በሽማግሌ የመጣች ሯጭ

«አታስመዝግቧት ብያለሁ እኮ! ዘንድሮ ከተመረቀች በሚመጣው የኮሌጆች ውድድር ማን ይሮጥላችኋል? አንድ ዓመት ትቆይ። አባትየው ቢያጉረመርምም ለእኔ ተዉት።»

ጋሽ ተገኘ ስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ። ሞላሌ ከተማ ውስጥ ኔትወርክ ቢጠፋ ቢጠፋ የማይጠፋው ከሳቸው ጓሮ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከባሕር ዛፎቹ ሥር ይቆሙና ደብረ ብርሃን ያሉ ነጋዴዎችን የእህል ዋጋ ይጠይቃሉ። ለዚህ ነው የወንድማቸው ልጅ ፀደንያ መጀመሪያ ልብ ያላለችው። ማድ ቤት ውስጥ፣ ከጓሮው በአንድ ቆርቆሮ ብቻ ተለይታ፣ ከልምምድ በፊት የምትጠጣውን በሶ እየበጠበጠች ነበር። «ከተመረቀች» የሚለውን ስትሰማ እጇ ቆመ። በዚህ ግቢ ዘንድሮ የሚመረቅ ከሷ በቀር ማንም የለም።

የጋሽ ተገኘ ሚስት፣ እትዬ ጥሩሸዋ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጡ ነበር። እሳቸውም ሰምተዋል። ፀደንያን አየት አደረጉና ዓይናቸውን ወደ ሽንኩርቱ መለሱ፤ ቆየት ብለው ግን ተነሡና ከቅርጫቱ አንድ እንቁላል አንሥተው ለሻይ ከተጣደው ውሃ ውስጥ ጨመሩላት። እንቁላል ሃያ ብር በገባበት ሰሞን እትዬ ጥሩሸዋ ለገበያ ካልሆነ ያን ቅርጫት አይነኩትም። ፀደንያ በዚህ ቤት እንቁላል የቀረበላት ሜዳሊያ አንጠልጥላ የገባች ዕለት ብቻ ነበር። «ብይ፣ ብርድ ነው» አሏት። ውሃው እየተንተከተከ ሳለ ጋሽ ተገኘ ከጓሮ ተመልሰው ገቡ። እጃቸውን በእሳቱ እያሞቁ፣ «ዛሬ ነፋሱ ቢላዋ ነው፤ አንገትሽን ሸፈን አድርገሽ ሩጪ» አሏት። ድምፃቸው የዘወትሩ ድምፅ ነበር፤ ምንም ያልጎደለው፣ አባት ለልጁ የሚያወጣው። «እሺ፣ ጋሼ» አለች። እንቁላሉን ቆማ በላች፤ ጣዕሙን ግን አላወቀችውም።

ወደ በሩ ስትሄድ የምታልፈው በረጅሙ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ነው። ድሮ የጋሽ ተገኘ የገብስ መጋዘን ነበር፤ ዛሬ ኮሌጁ ተከራይቶት መማሪያ ክፍል ሆኗል፤ እስካሁንም ሲዘንብ ገለባ ገለባ ይሸታል። ስለ ኪራዩ በግቢው ውስጥ ጮክ ተብሎ አይወራም። ኮሌጁ ከገባ ወዲህ ግን የዋናው ቤት ወለል ሴራሚክ ሆኗል፤ ሳሎኑ ውስጥም ፍሪጅ ቆሟል። በዚህ ብርድ አገር ፍሪጅ ምን ያደርጋል ብለው ጎረቤቶች ሲያሾፉ፣ «ተገኘ ዕቃው እንዳይበርደው ነው የከተተው» ይላሉ። ፀደንያም አብራ ትስቅ ነበር። ኪራዩና የእሷ እግር የሚገናኙ መሆናቸውን አስባው አታውቅም።

ልምምድ የሚሠራው ከከተማው በላይ ባለው ሜዳ ላይ ነው። አሰልጣኝ አትናቴዎስ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ ቅዝቃዜውን በመዝለል እያባረረ ጠበቃት። ወጣት ነው፤ እሱም ደመወዙን የሚጠብቀው ከዚያው ኮሌጅ ነው።

«አሰልጣኝ፣ ለምዘናው ተመዝግቤያለሁ?» አለችው፣ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ።

የብቃት ምዘና ያላለፈ ተማሪ አዋላጅ ነርስ አይባልም፤ የቱንም ያህል ቢማር ጤና ጣቢያ አይቀጥረውም። ተማሪን ለምዘና ማስመዝገብ የሚችለው ደግሞ ኮሌጁ ብቻ ነው። ምዝገባው የሚዘጋው ዛሬ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ነበር።

አትናቴዎስ መዝለሉን አቆመ። «ማን ነገረሽ?» አለ።

ምን ማለትሽ ነው አላለም። ማን ነገረሽ ነው ያለው።

«ጋሼ በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ።»

«እዪ ፀዲ» አለ፣ ሰዓቱን በማያስፈልግ ጥንቃቄ ከኪሱ እያወጣ፤ «ትምህርት የትም አይሄድም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። የሚሄደው እግር ነው። አሁን ማርኬቲንግ እንመዘግብሻለን፣ አንደኛ ዓመት፣ በነፃ። ተማሪ እስከሆንሽ ድረስ ትሮጪያለሽ።»

«ማርኬቲንግ ምን ያደርግልኛል?»

«ምን አውቄ! እኔ የማውቀው ሰዓት መያዝ ነው።» ሊስቅ ሞከረና ተወው።

«እንግዲያው ዲኑን ልጠይቃቸው።»

«ዲኑ አያናግርሽም። አንቺ በሽማግሌ የመጣሽ ልጅ ነሽ። ቅሬታ ካለሽ በሽማግሌሽ በኩል ነው የሚመጣው። አገሩ ያንቺ አይደለም እንዴ? ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። የዛሬ ሦስት ዓመት በወረዳው ውድድር ስታሸንፍ ያያት ኮሌጅ እንደ ሌሎቹ ማስታወቂያ ለጥፎ፣ ቅጽ አስሞልቶ አልወሰዳትም። ዲኑ የመንዝን ሰው ያውቃል፤ ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት በምን እንደምትወጣ ያውቃል። ጓሳ ተራራ ሥር ወዳለው ቤታቸው ሽማግሌ ላከ። አንድ ቄስ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከፊት ደግሞ የአባቷ ታናሽ ወንድም ጋሽ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው፣ ግቡ ሲባሉ አንገባም ብለው፣ «ልጅዎን ለትምህርት ስጡን» አሉ። አባቷ አቶ አወቀም በወጉ መሠረት ዘመድ ላማክር ብለው ቀጠሮ ሰጡ፤ በቀጠሮው በግ አረዱ። ጋሽ ተገኘ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ «ነጭ ጋውን አልብሼ በዚህ በር ካልመለስኳት ወንድምህ አይደለሁም» ያሉት ያን ዕለት ነው። እናቷ ጓዳ ሆነው እልል አሉ። ወረቀት የሚባል ነገር ማንም አላነሣም። ሽማግሌን ወረቀት አምጣ ማለት፣ እንግዳን ሰርቀህ ይሆናል እጅህን አሳየኝ እንደማለት ነው። በሽማግሌ የተሰጠ ልጅ ነገር ቢበላሽ ደግሞ የሚጠየቀው እዚያው ሽማግሌ ነው፤ ከሱ አልፎ ኮሌጁ ደጅ ሄዶ መጮኽ አባትንም ዘመድንም ማዋረድ ነው። እና አሁን ፀደንያ ጋሽ ተገኘን በጋሽ ተገኘ ዘንድ ልትከስ ነው።

ቦርሳዋን አውርዳ ሮጠች። ሌላ የምታደርገው ነገር ስለጠፋት ነው የሮጠችው። ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታት ነበር፤ ዓይኗ ቢያለቅስ ሊሳበብበት የሚችል ነፋስ ነበር። ስትጨርስ አትናቴዎስ ሰዓቱን ወደ ሰማይ እያነሣ፣ «ዘንድሮ እንዲህ ሮጠሽ አታውቂም!» ብሎ ጮኸ፤ በእውነት ደስ ብሎት ነበር። ቱታዋን ለብሳ ቦርሳዋን አንሥታ ሳትሰናበተው ወረደች።

የኮሌጁ በር ላይ የራሷ ፎቶ አለ፤ የመዝጊያ ያህል ባነር ነው፤ ሜዳሊያውን ነክሳ ትስቃለች። ሜዳሊያውን ንከሺ ያላት ፎቶ አንሺው ነበር። ከባነሩ ሥር «እንማራለን፣ እንሮጣለን፣ እናሸንፋለን» ይላል። በክረምት ምዝገባ ሰሞን ከየቀበሌው የመጡ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ይዘው እዚህ ባነር ፊት ቆመው፣ «እሷ የተማረችበት ይኸ ነው?» ብለው ጠይቀው ነው የሚገቡት። አንዷ ጉንጯን ስማት ታውቃለች። ዛሬ በሩ ላይ አብራት የምትማረው ኮከቤ ቆማ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«አንቺ ባነር!» አለቻት ኮከቤ። «የምርቃት ጋውን ፎቶ ዛሬ ነው እኮ። መከራያው መቶ ሃምሳ ብር ገብቷል። ትከራያለሽ ወይስ የተሰቀልሽው ይበቃሻል?»

«እመለሳለሁ» አለች ፀደንያ፣ እየሳቀች ማለት ይቻላል። ኮከቤ እንደማታውቅ ገባት። ማንም ሊያውቅ አይገባም ነበር፤ ዛሬ ሲመሽ ዝም ብሎ ከምዝገባው ቀርታ መገኘት ብቻ ነበረባት።

ጤና ጣቢያው ከኮሌጁ ብዙ አይርቅም። የተግባር ልምምዷን ትከታተልላት የነበረችው አዋላጅ፣ ሲስተር ብርነሽ፣ ደጅ ላይ ከጀሪካን ውሃ እያፈሰሰች እስከ ክርኗ ትታጠብ ነበር። ጓደኞቿ ልምምድ ሲሠሩ ፀደንያ ውድድር ላይ ስለነበረች፣ የጎደላትን ሁሉ ክረምቱን በሌሊት ተረኛነት አሟልታለች፤ ማንም ሊገባበት በማይፈልገው ተረኛነት። አንድ ጊዜ ከጓሳ ወዲያ በቃሬዛ የመጣች ሴት፣ ልጇን በፀደንያ እጅ ከተገላገለች በኋላ፣ «ስምሽን ንገሪኝና ላውጣላት» ብላታለች። ሲስተር ብርነሽ ያን ዕለት ከበሩ ተደግፋ ቆማ፣ ጣልቃ ሳትገባ፣ እስከ መጨረሻው አይታት ነበር።

ፀደንያ የተግባር ውጤቷ ለኮሌጁ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀቻት። «ውጤትሽን?» አለች ሲስተር ብርነሽ። «በገዛ እጄ ለዲኑ ሰጠሁት እኮ! ጥሩ ነው አለኝ፤ አመሰገነኝም። ምነው?»

ፀደንያ ነገረቻት። ሲስተር ብርነሽ እጇን ማድረቁን ትታ ውሃው ከክርኗ ሲንጠባጠብ ቆመች።

«እኔ ለዞኑ ላመለክት እችላለሁ» አለች በመጨረሻ፤ «እስኪሰማኝ ግን ምዝገባው ያልፋል። አባትሽ ይምጡ። ሽማግሌ ያስቀመጠው ነገር ከሆነ፣ ልጅ ሰጪው ራሱ የተሰጠኝ ቃል ፈረሰ ብሎ ከጮኸ ዲኑ ይደነግጣል፤ በዚህ አገር ሌላ ልጅ በሽማግሌ የሚሰጠው አያገኝማ! ገበያ አይደለም ዛሬ? ወርደው ይሆናል። ሂጂ፣ ሩጪ።»

ገበያው በነፋስና በበግ ድምፅ ተሞልቶ ነበር። አባቷን ከሩቅ አላወቀቻቸውም፤ የምታውቀውን የተጣፈ የበግ ጠጉር ባና ነበር የምትፈልገው። አቶ አወቀ ግን ካፖርት ለብሰዋል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቁልፎቹ ገና የሚያብረቀርቁ ካፖርት። ሁለት በግ በአንድ ገመድ ይዘው ከገበያው ግንብ ሥር ቆመዋል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ቀድመው ይዘው ግንባሯን ሳሟት። ከአጠገባቸው ካለችው ሴት አምባሻ ገዝተው ቆርሰው ሰጧት። ገብሱን ውርጭ እንደመታው፣ የጓሳው ሣር ዘንድሮ ለአጨዳ ይከፈት አይከፈት ገና እንዳልተወሰነ፣ እናቷን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ ቀዩ በሬ እንደተሸጠ ነገሯት። ፀደንያ አምባሻውን ይዛ አዳመጠች። አባቷ በሚያወሩበት ጊዜ ማቋረጥ አታውቅበትም፤ በዚያ ላይ ይህን ወሬ ትወደዋለች። ልትነግራቸው የመጣችው ነገር ወሬውን የሚያቆመው መሰላት። ካፖርቱን በስንት ገዙት ልትል ፈልጋም ተወችው።

ሲጨርሱ ነገረቻቸው። ጋሼ በስልክ ያሉትን፣ አሰልጣኙ ያላትን፣ ምዝገባው ዛሬ እንደሚዘጋ። «ከእኔ ጋር ኮሌጁ ድረስ ቢመጡ፣ አባባ። ቆመው ቢጠይቁልኝ ይበቃል።»

አቶ አወቀ የበጎቹን ገመድ አጠበቁ። አንድ ገዢ መጥቶ የአንዱን በግ ወገብ ጨበጥ ጨበጥ አደረገ።

«ስንት አሉት?»

«አሥራ ሁለት ሺህ።»

«ለበግ ነው ለበሬ?» ብሎ ሰውየው እየሳቀ ሄደ። አቶ አወቀ ግን አልሳቁም፤ ሰውየው ከተሰወረ በኋላም በሄደበት በኩል ሲያዩ ቆዩ።

«ሽማግሌዎቹ መጥተው ነበር» አሉ።

«የት?»

«እቤት። ጥምቀት ሳይገባ። ወንድሜ ነው ያመጣቸው። ዲኑ ራሱ መጣ፣ ያ የተማረ ሰውዬ፤ ከመደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ጠላዬን ጠጣ። አንድ ዓመት ጨምሩልን አለ።» ካፖርቱን በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉ። «ይቺንም አለበሱኝ።»

ፀደንያ አምባሻውን ያዘችው እንጂ አልቆረሰችውም። «እርስዎስ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ! እናትሽ በግ ይታረድ አለች፣ አረድን። አንድ ዓመት ምን አላት? ሽማግሌ ከደጄ ልመልስ?»

«ምነው እኔን ሳይጠይቁኝ?»

«አንቺን?» አቶ አወቀ ፈገግ አሉ፤ ብርዱንም ወሬውንም ቀለል ሊያደርጉት ፈልገው ነበር። «ሙሽራ ትጠየቃለች እንዴ?»

ልጃቸው አለመሳቋን ሲያዩ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ።

«ጨርሼ ነበር እኮ፣ አባባ» አለች ፀደንያ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሌሊት ሌሊት ሠርቼ ጨርሼ ነበር። ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።»

«እሱን አላሉኝም። ገና ይቀራታል ነው ያሉኝ።»

«አሁን ነገርኩዎት። አሁን ይምጡ።»

አንደኛው በግ ካፖርቱን ያሸትት ነበር፤ አቶ አወቀ በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። «በሰው ፊት፣ በቄስ ፊት። እኔ ቃሌን አጥፌ አላውቅም። ወንድሜንስ የት አባቴ አቁሜ ልክሰሰው?»

«እሳቸውስ ለእርስዎ የሰጡትን ቃል?»

አቶ አወቀ ገመዱን በእጃቸው ጠቀለሉት። ፀደንያ ገባት። እሷ የማትሰማው፣ በሽማግሌዎች መካከል ብቻ የሚነገር መልስ ነበራቸው፤ ያንን መልስ ለሷ ማውጣት አልፈለጉም። ካፖርቱ ይሞቃቸዋል። በበጎቹ መካከል ቀጥ ብለው ቆመው የምታውቃቸውን አባቷን ይመስላሉ፤ ደግሞም አይመስሉም። ስትሮጥ መጨረሻው መስመር ላይ ሆነው የሚጠብቋት የሚመስሏት እሳቸው ነበሩ፤ አንድም ቀን ውድድር አይተው አያውቁም እንጂ።

ባጃጅ በሰው መካከል እየጮኸች መጣች። አትናቴዎስ ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ «አባታችን፣ እንደምን ዋሉ! ፀዲን ስፈልግ ነበር!» አለ። ነገ ደብረ ብርሃን ላይ የሙከራ ውድድር አለ፤ መኪናው ኮሌጁ በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀ ነው። አቶ አወቀ ሰው በመምጣቱ ቀለል አላቸው። እጅ ነሡት። የልጃቸውን ቦርሳ ከትከሻዋ ተቀብለው፣ የቀረውን አምባሻ ከላይ ከተው ዚፑን ዘግተው፣ ራሳቸው ባጃጇ ላይ አስቀመጡላት።

«በይ ሂጂ፤ ሰዎቹን አታስጠብቂ» አሏት።

ፀደንያ ተሳፈረች። ባጃጇ ከገበያው ተላቃ ዋናውን መንገድ ያዘች። አትናቴዎስ ስለ ደብረ ብርሃኗ ተፎካካሪ ያወራ ነበር፤ ፈጣን ናት፣ ግን መጨረሻ ላይ ትሞታለች፣ ብቻ አትቅደሚያት፣ ከኋላዋ ተጣበቂባት። ፀደንያ የምታየው የሾፌሩን ማጅራት ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ታለቅስ ነበር፤ አሁን ልቅሶው ሄዷል፤ የት እንደሄደ አታውቅም።

የጤና ጣቢያው በር ጋ ሲደርሱ፣ «እዚህ ጋ አውርደኝ» አለችው ሾፌሩን።

«ምን ረሳሽ?» አለ አትናቴዎስ።

«ምንም።»

«ፀዲ፣ መኪናው እኮ ይሄዳል!»

«ይሂድ» ብላ ወረደች፤ ቦርሳዋንም ጎትታ አወረደች።

አትናቴዎስ ተከትሏት ወርዶ እጁን ዘረጋ፤ አልነካትም። «ምን ሆንሽ? እንዲህማ አይሆንም። ቃል ተሰጥቶ እኮ ነው!»

«ቃል የሰጡት አባቴ ናቸው» አለች። «በግ ተራ አሉ። እሳቸው ይሩጡላችሁ።»

ሾፌሩ በሳቅ ፍርፍር አለ፤ የአትናቴዎስን ፊት ሲያይ ግን አቆመ። ፀደንያ ራሷም ደነገጠች። እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ የወጣውም በቀጭን ድምፅ ነበር። አትናቴዎስ ጥቂት ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሊያስፈራራት ሳይሆን እውነት ሊጠይቃት መስሎ፣ «ማታ ጋሽ ተገኘ ቤት የምታድሪ ይመስልሻል?» አላት።

ይኼን አላሰበችውም ነበር። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። እሱም ባጃጇ ላይ ወጣ፤ ወደ ኮሌጁ ሄዱ።

ለዞኑ አመልክቺልኝ ልትላት የመጣችባት ሲስተር ብርነሽ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ናት አሏት። በሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ምጥ የያዛት ሴት ዘመዶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከነሱ አንዷ፣ ነጠላቸውን መስቀልያ ያጣፉ እናት፣ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። ፀደንያ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ምዝገባው የሚዘጋበትን ሰዓት አልፏል፤ ወይም ቆሟል፤ ትክክለኛ መሆኑን ማንንም አልጠየቀችም።

«ምነው ብቻሽን ልጄ? አሞሽ ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

«አገርሽ የት ነው?»

«ከጓሳ ሥር።»

«አሃ! እኛም ከዚያው ነን፤ እንተዋወቅ ይሆናል። ማን ትባያለሽ?»

«ፀደንያ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

የምታውቀው ጥያቄ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ በየመንገዱ፣ በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተጠየቀችው፣ ሳታስብ የምትመልሰው። ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደሷ መልሰው፣ ደግ ዓይናቸውን ተክለው ይጠብቃሉ። ከውስጥ ጩኸት ተሰማ፤ ወዲያው የሕፃን ድምፅ። ሴትዮዋ ነጠላቸው እየወደቀ ብድግ ብለው ወደ በሩ ሮጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ፀደንያ በባዶው ወንበር ላይ ብቻዋን ቀረች። መልሷን ሳይሰሙ በመሄዳቸው በልቧ አመሰገነቻቸው።